ሞተር ለሌለው አውሮፕላን ማሳ መምረጥ፦ ከሰንዳፋ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው የሰንዳፋ ነዋሪ ሲሆኑ፣ በሚመጣው ሰኔ ወደ ጀርመን ሄደው ግላይደር የሚባለውን ሞተር አልባ አውሮፕላን ማብረር ሊማሩ ተመዝግበዋል። ከአየር ማረፊያ ውጭ በሰው እርሻ ላይ ስለማረፍ ጥቂት ካነበቡ በኋላ፣ ከሰንዳፋ እስከ ለገጣፎ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያዩት ሜዳ ሁሉ ለማረፊያ የተዘረጋ እንደሚመስላቸው ጠቅሰው፣ ደህናውን ማሳ ከአደገኛው የሚለዩት በምን እንደሆነና ከመሄዳቸው በፊት እዚሁ ሆነው ዓይናቸውን ማለማመድ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ይችላሉ። ከአየር ላይ የሚታየው የማሳው ቀለምና ቅርፅ ብቻ ነው፤ ያ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረን ግን ቀደም ሲል በምድር ላይ ያየነው፣ በእግራችን የረገጥነውና ባለቤቱን የጠየቅነው ነገር ነው። ስለዚህ ማሳ የመምረጥ ችሎታ ዘጠኝ እጁ በእግር የሚገኝ ነው ብል አላጋነንኩም። ይህን ስል በአዲስ አበባ ዙሪያ ግላይደር ያብርሩ ማለቴ አይደለም። ሰማዩ ወደ ቦሌ የሚገቡና ከቦሌ የሚወጡ አውሮፕላኖች መንገድ ነው፤ ቢሾፍቱ ላይም የአየር ኃይል ሰፈር አለ፤ ያለ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሞከር ነገር አይደለም። የምለው መሬቱን መማሪያ ያድርጉት ነው።

በእርሻ ላይ ማረፍ በራሱ አደጋ አለመሆኑን አስቀድመው ይረዱልኝ። ግላይደር ከፍታውን የሚያገኘው መሬት ሲሞቅ ወደ ላይ ከሚወጣው አየር ነው፤ ያ አየር ሲጠፋ ደግሞ ባለበት አካባቢ ማረፍ ግዴታው ነው። ረጅም ርቀት የሚበር ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይገጥመዋል። ለሥልጠና በብዛት የሚያገለግለው ኤኤስኬ 21 የተባለው ባለ 17 ሜትር ክንፍ ግላይደር፣ አየሩ ጸጥ ባለበት ሰዓት በ1 ሜትር ከፍታ 34 ሜትር ያህል ወደፊት ይንሸራተታል። በወረቀት ላይ ከ1,000 ሜትር ከፍታ 34 ኪሎ ሜትር መሄድ ይችላል ማለት ነው፤ የሚወርድ አየርና የፊት ንፋስ ሲገቡበት ግን ከዚህ ቁጥር ከግማሹ በላይ ማመን የለብዎትም። የሚያርፉበት ማሳ ሁልጊዜ በዚህ ግማሽ ውስጥ መገኘት አለበት።

ጀማሪዎች ማሳ መምረጥን እንደ ዓይን ጉዳይ ያዩታል፤ እኔ ግን በመጀመሪያ የጊዜ ጉዳይ ነው እላለሁ። በብዙ አገር የሚያስተምሩት ደረጃ አለ፤ ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ትንሽ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። ከመሬት በላይ 600 ሜትር ሲቀር ደህና ማሳዎች ወዳሉበት አካባቢ ይዞራሉ፤ 450 ሜትር ላይ ከነዚያ ውስጥ አንዱን ይወስናሉ፤ 300 ሜትር ላይ ደግሞ ወደ ላይ የሚያወጣ አየር ፍለጋውን እርግፍ አድርገው ትተው የማረፊያውን ዙር ይጀምራሉ። ተሰብረው ካየኋቸው ግላይደሮች አብዛኞቹ የተሰበሩት ማሳው መጥፎ ስለነበረ ሳይሆን፣ ነጂው 200 ሜትር ላይ ሆኖ ደካማ አየር ውስጥ እየተሽከረከረ “ትንሽ ብቆይ ያነሳኝ ይሆናል” ሲል በቂ ከፍታ ስላለቀበት ነው። ከዚያ በኋላ ቸኩሎ ወደ ማሳው ሲታጠፍ ፍጥነቱ ይጎድላል፤ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል፤ አውሮፕላኑም በአንድ ጎኑ ተሽከርክሮ ይወርዳል፤ በዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ ማረሚያ ጊዜ የለም። ወስነው ዙር ከጀመሩ በኋላ የተሻለ ማሳ ቢታይዎትም አይቀይሩ።

“ከመሬት በላይ” ያልኩትን በደንብ ያስምሩበት። የከፍታ መለኪያው የሚናገረው ከተነሱበት ቦታ ጋር እያነጻጸረ ነው እንጂ ከሥርዎ ስላለው መሬት አያውቅም። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ የሱሉልታ ሜዳ ከዚያ በ250 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ሲል ቢሾፍቱ በአንጻሩ ወደ 1,900 ሜትር ይወርዳል። በቦሌ ዜሮ የተደረገ መለኪያ ሱሉልታ ላይ 500 ሜትር ቢል፣ እውነተኛው ከፍታዎ ከ250 ሜትር አይበልጥም፤ ማለትም የመወሰኛው ሰዓት አልፏል። ስለዚህ ዓይንዎ የቤት ጣሪያ፣ ሰውና በሬ ከየትኛው ከፍታ ላይ ምን ያህል ሆኖ እንደሚታይ መልመድ አለበት። ለዚህ የእንጦጦ ዳርቻ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ ወደ ሱሉልታ የሚያሳየው ወገብ ላይ ቆመው ከታች የሚሄደውን ሰው ይመልከቱ።

እግረ መንገዴን፣ የግላይደር ስፖርት መፍለቂያ የሚባለውና የ1920 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውድድር የተካሄደበት የጀርመኑ ዋሰርኩፐ ተራራ ጫፉ 950 ሜትር ብቻ ነው። እኛ ሜዳ የምንለው ቦሌ የእነሱን ተራራ ከእጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ይህ የማዕረግ ጉዳይ ሳይሆን የአየር ጉዳይ ነው። በሞቃት ከሰዓት በኋላ በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ሳስቶ ስለሚገኝ፣ የፍጥነት መለኪያው በሰዓት 95 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእውነቱ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። መሬት ሲነካ የሚይዘው ጉልበት በሲሶ ገደማ ይጨምራል፤ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀትና ለመዞር የሚያስፈልገው ስፋትም በዚያው መጠን ያድጋል። ከዚህ የከፋው ግን የዓይን ማታለል ነው፤ መሬቱ ከተለመደው ፈጥኖ ሲያልፍ ያየ ነጂ “ፈጥኛለሁ” ብሎ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ላይ ያነሳና ፍጥነቱን ያሳጣዋል። በደጋ አገር ዓይን ምንም ቢል የሚታመነው የፍጥነት መለኪያው ነው።

ወደ ማሳው ልውረድ። ርዝመትን በተመለከተ፣ በቆላማ አገር ከመግቢያው እንቅፋት የሌለበት 300 ሜትር የሚበቃኝ ሲሆን፣ በእኛ ደጋ ግን ከ450 ሜትር በታች የሆነውን አልመርጥም። ገበሬው መሬቱን የሚቆጥረው በጥማድ ነው፤ አንድ ጥማድ እንደየአካባቢው ቢለያይም ሩብ ሄክታር ገደማ፣ ማለትም ጎንና ጎኑ 50 ሜትር የሆነ ቁራጭ ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው ማሳ ብቻውን አይበቃም፤ ወሰን ሳይለያቸው የተያያዙ፣ አንድ ዓይነት ሰብል የበቀለባቸው ማሳዎችን መፈለግ ያስፈልጋል። በቅርብ ዓመታት የተስፋፋው የኩታ ገጠም እርሻ በዚህ ረገድ ለእኛ የተዘጋጀ ይመስላል፤ የስንዴው ኩታ ገጠም ከታጨደ በኋላ ረጅምና አንድ ወጥ ሜዳ ይሰጣል። በመግቢያው በኩል ባሕር ዛፍ ካለ ግን ከርዝመቱ ይቀንሱ፤ የዛፉ ቁመት በአሥር ተባዝቶ ይነሳል። 15 ሜትር ባሕር ዛፍ 150 ሜትር ማሳ በላ ማለት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የመሬቱ ጠባይ ነው፤ እዚህ ላይ የገበሬው የቀን መቁጠሪያ የአብራሪው ካርታ ይሆናል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የሱሉልታ ሜዳ ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ምንጣፍ ነው፤ ቀርበው ቢረግጡት ግን ሣሩ ሥር ውኃ ተኝቷል። የግላይደር አንድ ጎማ እዚያ ውስጥ ሲሰምጥ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ይተከላል። ሣሩ የሚታጨደው በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ያኔ መሬቱ እየደረቀ ስለሚሄድ ደህና ማረፊያ ሊሆን ይችላል፤ የድርቆሽ ክምሮቹ የት የት እንዳሉ ማየት ብቻ ያስፈልጋል። በሰንዳፋና በዱከም በኩል ደግሞ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ጊዜ የማሳ ምርጫ ወርቃማ ወቅት ነው፤ ጤፉ ይታጨዳል፣ ስንዴው ይነሳል። እኔ ከሁሉም የማስቀድመው የጤፍ ማሳን ነው። ጤፍ ከመዘራቱ በፊት መሬቱ በከብት እየተረገጠ ይጠቀጠቃል፤ ሲታጨድም በማጭድ ከሥሩ ተጠግቶ ስለሆነ የሚቀረው አገዳ አጭር ነው፤ ስለዚህ መሬቱ ጠንካራና ለስላሳ ይሆናል። በኮምባይነር የታጨደ ስንዴ ግን ረዘም ያለ አገዳ ይተዋል።

ይሁን እንጂ መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አንድ ጥር ላይ ከሰንዳፋ ወጣ ብሎ ካለ ኮረብታ ላይ ከአንድ ተማሪዬ ጋር ቆመን፣ እንደ አብራሪ ከላይ አይተን የየራሳችንን ማሳ መረጥን፤ ሁለታችንም ያመለከትነው አንድን ጥቁር፣ አንድ ወጥ፣ ምንም ጉብታ የማይታይበትን ቁራጭ ነበር። ወርደን ስናየው ሽምብራው ገና መነቀሉ ነው፤ ስንጥቁ ደግሞ የያዝኩትን ከዘራ ከግማሽ በላይ ዋጠው። ባለማሳው አባት፣ በሬዎቻቸውን እንኳ በዚያ ሰሞን በዚያ በኩል እንደማያሳልፉ ነገሩን። ከጎኑ የነበረውና ሁለታችንም የናቅነው፣ ቀለሙ የገረጣ፣ እዚህም እዚያም ኩበት የተጣለበት የጤፍ ማሳ ግን እንደ መንገድ ጠንካራ ነበር። ከብቶቹ እየጋጡበት ነበር፤ ከብት የሚውልበት መሬት ቢያንስ ጎማ የሚሸከም ለመሆኑ ምልክት ነው። በዚያ ቀን ተማሪዬ ብቻ ሳይሆን እኔም ተምሬአለሁ፤ ንጹሕ መልክ የያዘውን ወዲያው መምረጥ የዓይን ስንፍና ነው።

ከመጋቢት ጀምሮ በልግ ሲጥል ገበሬው መገመስ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው እርሻ የሚፈነቅለው ጓል የግላይደርን ሆድ ይሰነጥቃል። በሌላው ዓለም “በቦዩ አቅጣጫ እንጂ አቋርጠህ አትረፍ” የሚል ትክክለኛ ሕግ አለ፤ በእኛ አገር ግን ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ ይሄዳል እንጂ ስለማይገለብጥ፣ ገበሬው ቀጣዩን እርሻ የቀደመውን እያቋረጠ ነው የሚያርሰው። ስለዚህ በዚህ ሕግ ብቻ መተማመን አይቻልም። የቆመ ሰብል ላይ ማረፍ ደግሞ ገበሬውን ከመጉዳቱ ሌላ ለራስም አደጋ ነው፤ የአንዱ ክንፍ ጫፍ ሰብሉ ውስጥ ሲገባ አውሮፕላኑ ባለበት ይዞራል፤ ጅራቱም ይሰበራል። የግድ ከሆነ የሰብሉን ጫፍ መሬት ነው ብሎ ወስዶ፣ በዝግታና ክንፉን አስተካክሎ መቀመጥ ነው።

በተዳፋት ላይ ሌላ የተሸሸገ ነገር አለ፦ በተፋሰስ ሥራ የተሠራው እርከንና የውኃ ማቆሪያ ቦይ። ከላይ ሲያዩት ኮረብታውን የሚከተል ቀጭን የእርሳስ መስመር ነው፤ ሲያርፉበት ግን ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ወይም የድንጋይ ካብ ነው። በማሳው መካከል የሚያልፍ መስመር ምን እንደሆነ እርግጠኛ ካልሆኑ ማሳው በዚያ መስመር አልቋል ብለው ይቁጠሩ። የቀለም ለውጥም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ጥግ ጠቆር ካለ ርጥበት፣ ቦረቦር ወይም የሌላ ሰው ወሰን ነው።

አሁን የከተማ ዳር ነዋሪ ብቻ በደንብ የሚያውቀውን ልንገርዎ። በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በሰበታም ሆነ በዱከም ከላይ ሲታይ ከሁሉ የሚያምረው ቦታ ለግንባታ ታጥሮ የተቀመጠው ነው። ሰብል የለበትም፣ ደልዳላ ነው፣ ለመንገድም ቅርብ ነው። ወርደው ሲያዩት ግን የቦታ ችካል ተተክሎበታል፤ ያልተጨረሰ መሠረት ተቆፍሮበታል፤ የፌሮ ብረት እንደ ጦር ቆሞበታል፤ በሣር የተሸፈነ የድንጋይ ክምርም አለበት። ከጎኑ ያለው ነጣ ያለ ሰፊ ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የድንጋይ ካባ ሆኖ ይገኛል፤ ጠርዙ ከላይ ሲያዩት እንደ ጥላ ብቻ ይታያል። ገበሬ የሚያርሰውን መሬት ድንጋዩን ለቅሞ፣ ጉድጓዱን ደፍኖ ይይዘዋል፤ ማንም የማያርሰውን መሬት ግን ማንም አያጸዳውም። በከተማ ዳር ከባዶ ቦታ የታረሰ ማሳ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ከዚህም ሌላ ወደ ከተማ በቀረቡ ቁጥር ሽቦ ይበዛል። ሽቦው ከአየር አይታይም፤ የሚታየው ምሰሶው ነው። ስለዚህ በሁለት ምሰሶዎች መካከል፣ በየመንገዱ ዳር፣ ከመንገዱም ወደ ብቸኛ ቤት ወይም ወፍጮ ቤት በሚወስደው አቅጣጫ ሁሉ ሽቦ አለ ብለው ይነሱ።

ተዳፋትን በተመለከተ ከ300 ሜትር ላይ በግልጽ የሚታይ ተዳፋት ለማረፊያ እጅግ የበዛ ነው፤ መጠነኛ ከሆነ ግን ሁልጊዜ ሽቅብ ይረፉ፤ ለስለስ ያለ የኋላ ንፋስ ቢኖር እንኳ ሽቅቡ ይሻላል። እኛ ባለንበት የምድር ወገብ አቅራቢያ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ ወደ አናት ስለምትቀርብ ጥላ በጣም ያጥራል፤ ጉድጓድና ጉብታ ሁሉ ተደፍኖ ሜዳ ይመስላል። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያንኑ ቦታ ቢያዩት ሌላ አገር ነው። ልምምድዎን በሁለቱም ሰዓት ያድርጉት።

ንፋሱን ለማወቅ ጭስ ይበቃል። በአጨዳ ወቅት ደግሞ ከጭስ የሚበልጥ ምልክት አለ፤ አውድማ ላይ ገበሬው ምርቱን ሲያዘራ እብቁ የሚሄድበት አቅጣጫ ከየትኛውም መሣሪያ የታመነ ነው። የለገዳዲን ግድብ ውኃ ካዩ፣ ንፋሱ በሚመጣበት ዳር በኩል ውኃው ጸጥ ብሎ ይታያል።

ስለ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን በመጻሕፍቱ ውስጥ ብዙም አያገኙትም። በአውሮፓ ማሳ ውስጥ የሚፈራው ከብት ነው። በእኛ አገር ግን አውሮፕላን ዝቅ ሲል የአካባቢው ልጆች ከየአቅጣጫው የሚሮጡት ከአውሮፕላኑ ሽሽት ሳይሆን ወደ አውሮፕላኑ ነው። እረኛ ልጆች ያሉበት ማሳ ባዶ ቢመስልም ባዶ አይደለም፤ ሁለት ማሳዎች እኩል ቢሆኑብኝ ከመንደሩ የራቀውን እመርጣለሁ። ከቆሙ በኋላም መጀመሪያ የሚያደርጉት አንድ ጎልማሳ ሰው ጠርተው ልጆቹን ከክንፉ እንዲያርቁ መለመን፣ ቀጥሎ ባለማሳውን መፈለግ፣ የተበላሸ ካለም ዋጋውን መስማማት ነው።

ለልምምዱ እንዲህ ቢያደርጉ መልካም ነው። በኅዳር ይጀምሩ። ሳምንት ሳምንት ከአንድ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆነው ሦስት ማሳ ይምረጡ፤ ሰብሉን፣ ርዝመቱን፣ የመግቢያውን አቅጣጫና የሚፈሩትን ነገር በደብተር ይጻፉ፤ ከዚያ ወርደው በእርምጃ ይለኩ፤ ባለቤቱን ሰላም ብለው ስለመሬቱ ይጠይቁ። በምርጫው ላይ ከሁለት ደቂቃ በላይ አያጥፉ፤ በአየር ላይ ሆነውም ከዚያ የበለጠ አይሰጥዎትም። ግምትዎ የተሳሳተበትን ቦታ ሁሉ ሳይሠርዙ ይተዉት።

ሰኔ ላይ ጀርመን ሲደርሱ ማሳው ይለወጥብዎታል፤ የጥያቄው አጠያየቅ ግን ያው ነው። በዚያ ወቅት ስንዴው ገና ቆሟል፤ ለዘይት የሚዘሩት የጎመን ዘር ደግሞ ከወገብ በላይ ሆኖ እርስ በርሱ ስለተጠላለፈ ከሩቅ ይሽሹት። ቀድሞ የሚታጨደው በመኸር የተዘራው ገብስ ነው፤ እሱም ወደ ሰኔ መጨረሻና ወደ ሐምሌ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚቀርልዎ አዲስ የታጨደ የሣር ሜዳ ነው፤ እዚያም ከብት ለማገድ የሚዘረጉት ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላይ ጨርሶ አይታይም። አንድ ጊዜ ከሜዳው ጥግ ላሞቹን አይቼ መሐሉ ባዶ ነው ብዬ ባረፍኩበት ቦታ፣ ላሞቹን ከባዶው የለየው ይኸው ሽቦ ከአፍንጫዬ አሥር እርምጃ ርቆ ነበር። ላሞች በአንድ ጥግ ተሰብስበው ሌላው ሣር ሳይነካ ከቀረ፣ የሚያግዳቸው ነገር በመካከል አለ ማለት ነው። ስለዚህ እዚያ እንደደረሱ፣ ገና ከአስተማሪዎ ጋር ሳይበሩ፣ ብስክሌት ተውሰው በአየር ማረፊያው ዙሪያ ያሉትን ማሳዎች አንድ ሙሉ ቀን ይዙሩዋቸው፤ ደብተሩንም ይዘው ይሂዱ።